17 ቀን የት ነበርኩ?

እሺ... እየቀዳ ነው? አዎ፣ ቀይዋ በርታለች። ሰላም ናችሁ? ማክሰኞ ማታ ነው፣ ጎረቤቴ ቡናዋን አፍልታ ጨርሳለች፣ ያቺ ሁሌ የምትጠይቁኝ ውሻም ዛሬ ዝም ብላለች፣ እሷ ሳትጀምር ልቅዳ ብዬ ነው። ባለፈው የእምቦጩን ነገር እቀጥላለሁ ብያችሁ ነበር፣ አልቀጥልም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሌላ ነገር ነው ውስጤ የተቀመጠው። ከካርድ ቀን ጀምሮ ማለት ነው። ካርድ የሰጠነው ጥር መጨረሻ ላይ ነው፣ አሁን ሁዳዴ ተጋምሷል፣ እኔ ግን እዛው ቀን ላይ ነኝ።

ስሙን አልጠራም። ቁጥር 41 ልበለው፣ በስም መጥሪያዬ ላይ ተራ ቁጥሩ ነው። በቁጥር መጥራቱ ደስ አይለኝም ግን ስም ላውጣለት ብል ደግሞ የሱ ያልሆነ ስም ነው የሚሆነው።

ካርድ ሲሰጥ ታውቁታላችሁ አይደል፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚያየው ደረጃውን ነው፣ ከዛ አማካዩን፣ ከዛ ጓደኛው ስንተኛ እንደወጣ፣ ከዛ ጩኸት ነው፣ ከዛ ክፍሉ ባዶ ይሆናል። እሱ አልወጣም። ሮስተሬን እየጠቀለልኩ ቀና ስል ቆሟል። ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋውና ከታች፣ ከጸባይ ጎን ያለችውን ሳጥን፣ "ቀሪ" የምትለዋን፣ በጣቱ ነካት። አውራ ጣቱ ስር የአሳ ቅርፊት ተለጥፏል፣ አንዲት፣ ደርቃ እንደ ፕላስቲክ የምታበራ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ድረስ የደረቀ ውሃ መስመር አለው። እና "ቲቸር፣ እኔ 17 ቀን የት ነበርኩ?" አለኝ።

እንደዚህ ነው ያለኝ፣ ቃል በቃል። አልቀረሁም አላለም። ተሳስተዋል አላለኝም። የት ነበርኩ ነው ያለው፣ እኔ አውቅለት ይመስል። ድምፁም ንዴት የለውም፣ እውነት ሊሰማ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ።

እኔ ምን አልኩ፣ "መዝገቡ ነው የሚለው" አልኩ። ከዛ ደግሞ ቀጥዬ "ለማንኛውም ወላጅ ይዘህ ና" አልኩት። ካርዱን አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተና "እሺ ቲቸር" ብሎ ወጣ። በቃ። ይሄ ነው የሆነው ነገር፣ ሌላ ምንም የለም፣ ሁለት ደቂቃም አይሞላም። ግን ቤቴ ገብቼ እራት እየሰራሁ "መዝገቡ ነው የሚለው" የሚለው ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረ፣ ምክንያቱም መዝገቡ ምንም አይልም፣ መዝገቡ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ 17ቱንም ኤክስ በራሴ እጅ፣ በራሴ ስክሪብቶ።

እንዴት እንደሚሰራ ልንገራችሁ፣ ልጅ ያላችሁም ምናልባት አታውቁት ይሆናል። እኔ የ7ኛ ክፍል ሆምሩም ነኝ፣ 62 ልጅ። ስም የሚጠራው አንዴ ነው፣ አንደኛ ፔሬድ ላይ። ሰልፍ አለ፣ ባንዲራ ይሰቀላል፣ 2:10 ላይ በር ይዘጋል፣ እኔ ገብቼ ስም እጠራለሁ፣ "አቤት" ያለ ራይት፣ ዝም ያለ ኤክስ። አለቀ። ከዛ በኋላ ስድስት ፔሬድ አለ፣ እና በነዛ ስድስት ፔሬዶች ውስጥ ማን አለ ማን የለም መዝገቡ አያውቅም። 2:15 ላይ አቤት ብሎ ከእረፍት በኋላ በጓሮ አጥር ዘሎ የፎረፈ ልጅ በኔ መዝገብ ሙሉ ቀን ተማሪ ነው። 2:40 ላይ ገብቶ እስከ መጨረሻው ደወል የተቀመጠ ልጅ በኔ መዝገብ ቀሪ ነው። ቁጥር 41 ሁለተኛው ነው። ዘበኛችን ያውቀዋል፣ ይከፍትለታል፣ የሁለተኛ ፔሬድ የሂሳብ መምህሩ ያውቀዋል፣ አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ ያውቀዋል፣ እኔም እኮ አውቃለሁ! ሁሌ እኮ ከሰዓት ሳስተምር ሶስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ አየዋለሁ። የማያውቀው ወረቀቱ ብቻ ነው።

የዛን ቀን ማታ መዝገቡን አወጣሁና ኤክሶቹን አንድ በአንድ ከካሌንደር ጋር ማየት ጀመርኩ። ለምን እንደጀመርኩ አላውቅም፣ ምናልባት ትክክል ነኝ ብዬ ለራሴ ለመንገር። መጀመሪያ ላይ ምንም አይታይም። ከዛ ቀኖቹን ጻፍኳቸው። ረቡዕ። አርብ። ረቡዕ። ሀሙስ። አርብ። ከ17ቱ 11ዱ ረቡዕ ወይ አርብ ናቸው። ከዛ ደግሞ መስከረምና ጥቅምት ላይ አለፍ አለፍ ብለው ነው ያሉት፣ ከህዳር 15 በኋላ ይበዛሉ። ህዳር 15 እንግዲህ... የነቢያት ጾም ነው የሚገባው።

ገባችሁ? የጾም ቀን አሳ ይፈለጋል። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም፣ እናቴ ትሰማኛለች፣ ግን ባህር ዳር የሚኖር ሰው ያውቃል፣ ረቡዕና አርብ ሐይቁ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች ምን እንደሚመስሉ፣ ጾም ሲገባማ ተዉት። የቁጥር 41 አባት ማታ መረብ ይጥላል፣ ሌሊት ተነስተው ያነሳሉ፣ ልጁ መረቡን ይስባል፣ ቆረሶውን ከአምባዛው ይለያል፣ ለገዢ ያደርሳል፣ ከዛ ደግሞ ታንኳው አለ። ይሄን ቆይቶ ነው የነገረኝ። የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል፣ ከገባ በኋላ ጎትታችሁ አውጥታችሁ አቁማችሁ ለፀሐይ ካልሰጣችሁት ይከብዳል ይበሰብሳል፣ እና አባቱ ወገቡን ስለሚያመው ብቻውን አያቆመውም። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ሲወጣ እንደ ሰው ሬሳ ነው የሚከብደው አለኝ። የ13 ዓመት ልጅ ነው እንደዚህ የሚለኝ። ሐይቁ ሁሌ ፊቴ ነው እኮ፣ በዘንባባው ስር ሳልፍ ታንኳ ቆሞ ሲደርቅ ስንት ጊዜ አይቼ ፎቶ አንስቻለሁ፣ እናንተም ላይክ አድርጋችሁልኛል፣ ማን እንዳቆመው ግን አስቤ አላውቅም።

እና ያ ነው ከ2:15 እስከ 2:40 ያለው 25 ደቂቃ። ታንኳውን ማቆም።

አሁን ሂሳቡን ላስላው፣ አስልቼዋለሁ። በሴሚስተሩ ያስተማርነው 88 ቀን ነው። 17 ለ88፣ 19 ፐርሰንት ቀሪ። በፔሬድ ብትቆጥሩት ግን በቀን 7፣ በጠቅላላው 616 ፔሬድ ነው፣ እሱ ያመለጠው 17 ፔሬድ ነው፣ 3 ፐርሰንት አይሞላም። አንድ ልጅ ነው፣ አንድ ሴሚስተር ነው፣ አንደኛው ቁጥር "ይሄ ልጅ ሊያቋርጥ ነው" ይላል ሌላኛው "ጎበዝ ነው" ይላል።

እህቴ እንግሊዝ ሀገር ነው ያለችው፣ ልጇ እዛ ነው የሚማረው፣ ደወልኩላትና እናንተ ጋ እንዴት ነው አልኳት። እዛ በቀን ሁለቴ ነው የሚመዘገበው፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ራይትና ኤክስ ብቻ አይደለም፣ ፊደል አለው፣ ለህመም ሌላ ለሀኪም ቀጠሮ ሌላ፣ ምክንያቱ ገና ላልታወቀም የራሱ ፊደል አለው፣ ሲታወቅ ይቀየራል። እንዴት ደስ ይላል አልኩ። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለት ነው፣ ትምህርት ቤቶቹ የየቀኑን መረጃ በቀጥታ ለመንግስት እንዲያጋሩ ግዴታ ሆኗል፣ 10 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ያመለጠው ልጅ ለብቻው ይቆጠራል። አሜሪካም 10 ፐርሰንት ነው መስመሩ። እሺ፣ አርፍዶ ለመጣስ አልኳት። መዝገቡ ሳይዘጋ ከደረሰ ኤል ይባላል፣ ተገኝቷል። መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ከመጣ ግን ዩ ነው፣ እና ዩ የሚቆጠረው ያለፈቃድ እንደቀረ ነው። ዝም አልኩ። ማለቴ፣ እዛም ቢሆን ቁጥር 41 ጠዋቱን ቀሪ ነው። ከሰዓቱን ግን ይሰጡታል፣ ቢያንስ ከሰዓቱን። እኔ ሙሉውን ነው የወሰድኩበት።

የኛ መረጃ ደግሞ ወደ ላይ ሲሄድ ምን እንደሚሆን... በወር በወር ደምረን ለዩኒት ሊደር እንሰጣለን፣ ከዛ ፐርሰንት ይሆናል። የኔ ክፍል ህዳር ላይ 94 ነበር፣ ስብሰባ ላይ ተነቦ ተመስግኛለሁ፣ ደስም ብሎኛል። ግን 62 ልጅ በ20 ቀን 1240 ነው፣ 6 ፐርሰንቱ ወደ 74 ኤክስ ነው። 74ቱ ኤክስ ለሁሉም አንዳንድ ተከፋፍሎ ሊሆን ይችላል፣ ጉንፋን ነው፣ ህዳር ሚካኤል ነው፣ ምንም አይደለም። ወይ ደግሞ አራት ልጆች ወሩን ሙሉ አልመጡም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም 94 ነው። ሁለቱም ይጨበጨብለታል። እና ከዛ ወዲያ፣ የዓመቱ የትምህርት ስታቲስቲክስ ሲወጣ የምታዩት ተመዝጋቢ፣ ደጋሚ፣ አቋራጭ ነው። መስከረም ላይ የተመዘገበ ልጅ ተማሪ ተብሎ ተቆጥሯል። ረቡዕ ረቡዕ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው ያቺ የኔ ደብተር ብቻ ናት፣ እሷም በትክክል አታውቅም።

ደግሞ ይሄን እያልኩ... አላውቅም፣ ይሄን እያልኩ አፍራለሁም፣ ምክንያቱም ከ2015 ነሐሴ ወዲህ በክልላችን ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ታውቃላችሁ፣ ገጠር ያሉ አብረውኝ የተመረቁ መምህራን አሉ፣ ደብተራቸው ተዘግቶ የተቀመጠ። እዛ ያሉት ልጆች እኮ ኤክስ እንኳ የላቸውም። ኤክስ እንዲኖርህ ስምህን የሚጠራ ሰው ያስፈልጋል። ይሄን አንድ ቀን ለብቻው አወራዋለሁ፣ ዛሬ አልችልም።

ቆይ ውሃ ልጠጣ።

እሺ። ምን አደረግሽ ትሉኛላችሁ። ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀምር "ዘ" ማድረግ ጀመርኩ፣ ዘግይቶ ለመጣ፣ በእርሳስ፣ በትንሹ። ወር ሲያልቅ ዩኒት ሊደሩ "ይሄ ዘ ምንድነው፣ ነበረ ነው ቀርቷል?" አለኝ፣ ፎርሙ ሁለት ኮለመን ነው ያለው። ክፋት የለውም ሰውዬው፣ እሱም መሙላት ያለበት ፎርም አለው። ነበረ አድርገው አልኩት። እንደዛ ስል ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ፣ አርፍዶ የሚመጣ ሁሉ ነበረ ከተባለ በሩ 2:10 የሚዘጋው ለምንድነው? አንደኛ ፔሬድ ላይ የማስተምረውስ ለማን ነው? ህግ ያስፈልጋል፣ እኔ ህግ አያስፈልግም የምል ሰው አይደለሁም። በቃ እዚህ ጋ ሁሌ እያሰብኩ እቆማለሁ።

ግን አሁን የሚረብሸኝ እሱ አይደለም።

ቁጥር 41 ወላጅ ይዞ አልመጣም። እኔም አልጠየቅኩትም፣ አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ጠርቼ ስለ መረቡ ብቻ ጠየቅኩት፣ የታንኳውን ነገር የነገረኝ ያኔ ነው። ይቅርታ ልለው ፈልጌ ነበር፣ አላልኩትም፣ ስለ ደንገል ስናወራ ደወሉ ተደወለ። እና ከየካቲት ጀምሮ ሰዓቱን ጠብቆ ነው የሚመጣው። ሰልፍ ላይ አለ፣ ስሙን ስጠራ "አቤት" ይላል፣ ጮክ ብሎ ነው የሚለው፣ እንድሰማው። ረቡዕም አለ። አርብም አለ። ሁዳዴ ነው እኮ አሁን፣ 55 ቀን ጾም፣ ከዓመቱ ሁሉ አሳ የሚፈለግበት ጊዜ፣ እና መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ራይት ነው። ትናንት ዩኒት ሊደሩ አይቶ "ይሄ ልጅ ተሻሽሏል፣ ካርዱ አስደነገጠው" አለኝ። እኔም አዎ አልኩ።

ሱሪው ላይ ያ የውሃ መስመር የለም አሁን። እጁም ንጹህ ነው።

እና አባቱ ወገቡን ያመዋል። መረቡ ደግሞ በራሱ አይነሳም። እህት አለችው፣ ታናሹ፣ እዚሁ እኛ ጋ 4ኛ ክፍል ናት፣ በእረፍት አብረው ሲሆኑ አያቸዋለሁ፣ ቀጭን ናት፣ ሹሩባ የምትሰራ። ዛሬ ከሰዓት ቢሮ ገብቼ የክፍሎቹ ስም መጥሪያ እዛ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ አየሁ፣ የ4ኛ ክፍሉ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ነው፣ እጄን ዘርግቼ ነበር። አላወጣሁትም። ሰው ገባ... አይ፣ ሰው አልገባም፣ ዝም ብዬ ነው ያላወጣሁት። ባወጣውና መስመሯ ንጹህ ቢሆን ምን ይጎዳኛል? ንጹህ ባይሆንስ፣ ካርዱን የጻፍኩት እኔ አይደለሁ እንዴ...

ነገ ረቡዕ ነው። 2:10 ላይ በሩ ጋ ልቁም እያልኩ ነው፣ ከዘበኛው ጋ፣ ማን አርፍዶ እንደሚገባ ዝም ብዬ ላይ፣ ግን እኔ ያን ሰዓት ስም መጥራት አለብኝ፣ 62 ልጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል... እንዴ፣ ውሻዋ ጀመረች። ሰማችኋት? ቆይ፣ መስኮቱን...