ጋሼ የጫማውን ቁጥር ሲጠይቁት

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። አውራ ዶሮው ዛሬም አለ፣ ትሰሙታላችሁ። ጎረቤቴ ለፋሲካም አልጨከኑበትም፣ ስለዚህ አብሮን ይቀጥላል። ባለፈው የቤት ኪራዩን ሁለተኛ ክፍል አመጣለሁ ብያችሁ ነበር። ይቆየኝ። ሌላ ነገር ሆዴ ውስጥ ገብቶ አላስቀምጥ ብሎኛል።

ወደ ጦር ስለሚሄዱ ልጅ እግሮች ነው። የ17፣ የ18፣ የ19 ዓመት ልጆች። ደርሰዋል ወይስ አልደረሱም? ደርሰዋል የሚለውስ ማነው? ምኑን አይቶ ነው የሚለው? ጥያቄው እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል፣ ግን ሰሞኑን ስይዘው ስለቀው ነው የከረምኩት።

እሁድ እህቴ ቤት ነበርን። ቡና ላይ። ልጇ ጎረምሳው አለ፣ ጋሼም ነበሩ። ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ፣ አጎታችን ናቸው። የወፍጮ ቤቱን ታሪክ ያልሰማችሁ ካላችሁ፣ ባጭሩ በ1980 ዓ.ም. እህል ሊያስፈጩ እንደወጡ በአፈሳ የተወሰዱ ሰው ናቸው። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነበር፣ በግምት።

ጎረምሳው ስልኩ ላይ ቪዲዮ ያያል። የምልምሎች ምረቃ ነው። ያው የምታውቁት ዓይነት፤ ሰልፉ፣ የሙዚቃ ጓዱ፣ ገና ከማሸጊያው የወጣ የሚመስል ዩኒፎርም። እና ቀና አለና ማንንም ሳያይ፣ «እኔም ብሄድ እችለዋለሁ፣ ዝግጁ ነኝ» አለ። ጉራ አልነበረም። ረጋ ብሎ ነው ያለው። እህቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች። ልትጮህበት እንደሆነ ፊቷ ላይ አይቻለሁ። ግን ጋሼ ቀደሟት።

«ጫማህ ስንት ቁጥር ነው?» አሉት።

«40።»

«እስቲ ቁም።»

ቆመ። ጋሼ ከበርጩማቸው ዝቅ አሉና በአውራ ጣታቸው የስኒከሩን ጫፍ ጫን አደረጉት። መስከረም ላይ እናቶች የትምህርት ቤት ጫማ ሲገዙ፣ የልጁ ጣት የት ጋ እንደደረሰ ለማወቅ እንደሚያደርጉት። አንዴ ጫን፣ ደግመው ጫን። ፊቱን አላዩትም። «ለእኔ የሰጡኝ ከስክስ 43 ነበር» አሉ። «እግሬ ደግሞ 38።»

«እና ምን አደረጉ?»

«ጨርቅ ጠቀጠቅኩበት። ጨርቅ ደግሞ ሲረጥብ እግር ይልጣል። ሩጡ ስንባል እኔ ወደፊት፣ ተረከዜ ወደ ላይ፣ ጫማው ወደ ጎን።»

ይህን ሲሉ ሳቁ። ልጁም ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን። ከዛ ልጁ፣ «ፈርተው ነበር?» ብሎ ጠየቃቸው።

ቶሎ አልመለሱለትም። ሲኒያቸውን ሰሀኑ ላይ አዞሩት። «ያኔ? ኧረ አልፈራሁም። ጓደኞቼም አልፈሩም። እኔን ፍርሃት የያዘኝ ተመልሼ፣ ትዳር ይዤ፣ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። አንድ ሌሊት ተነስቼ ተንቀጠቀጥኩ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ምኑን ያውቅና ይፈራል?»

በቃ። ይኸው ነው የተባለው። እህቴ ሁለተኛውን ቀዳች፣ ስለ 12ኛ ክፍል ፈተና ወሬ ተነሳ። እኔ ግን እዛው ቀርቻለሁ።

ምን መሰላችሁ፣ እኔ ጋሼ «አይሆንም፣ አልደረስክም» ይሉታል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እሳቸው ናቸው ማለት የሚችሉት። አላሉም። ስሸኛቸው ታክሲ ጋ ጠየቅኳቸው። «ምን ልበለው? ያኔ ብትጠይቂኝ እኔም እንደሱ ነበር የምልሽ» አሉኝ። ተይዘው የተወሰዱ ሰው ናቸው እኮ! ወደው አልሄዱም። ግን ካምፕ ገብተው ትንሽ ሲሰነብቱ፣ ጠመንጃ ሲይዙ፣ ከእኩዮቻቸው ጋር ኮቾሮ ሲቆረጥሙ፣ «ዝግጁ ነን» ሲሉ ከልባቸው ነበር። ይሄ ነው የሚከብደኝ። ልጁ «ዝግጁ ነኝ» ማለቱ ምንም አይነግረንም ማለት ነው። ወይስ ይነግረናል? እሱን ነው የማላውቀው።

ወረቀቱ ላይማ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው። ከ18 እስከ 30 ዓመት ይላል። ስድስት ወር ስልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት፣ ከዛ እስከ 50 ዓመት ተጠባባቂ። ስታነቡት ያሰቡበት ሰዎች የጻፉት ነው የሚመስለው። ከዛ መጋቢት 1980 ላይ ኤርትራ ውስጥ፣ አፋቤት ላይ፣ የደርግ ጦር የነበረው ናደው ዕዝ ተመታ፣ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ተባለ፣ ስድስት ወሩም 18ቱም ተረሳ። ለየቀበሌውና ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ይመጣል። ይህን ያህል ሰው አምጡ። ኮታ ደግሞ ዕድሜ አይጠይቅም፣ ራስ ነው የሚቆጥረው። የሊቀመንበሩ ዘመድ ይቀራል፣ ገንዘብ ያለው ይቀራል፣ እህል የተሸከመው ልጅ ይሄዳል። እናቶች ልጆቻቸውን ጎተራ ውስጥ ደብቀዋል፣ ቆጥ ላይ ሰቅለዋል፣ ቀሚስ አልብሰው ገጠር የላኩም አሉ። የእኔ አያት አልደበቁም፣ ምክንያቱም ልጃቸው ገና ልጅ ስለሆነ አይነኩትም ብለው ነበር። ቁመቱን ረሱት። ጋሼ ሎጋ ነበሩ። ቁመት ነው ያስወሰዳቸው።

ቁመት! ይህን ሳስብ እናደዳለሁ። ድምፁ አልጎረነነም፣ ጢም የለውም፣ እግሩ 38 ነው፣ ግን ረጅም ነው፣ በቃ ደርሷል።

ደግሞ ማን ነው ዕድሜውን በእርግጠኝነት የሚያውቀው? የጋሼ ልደት ቀን የለውም። «ጥምቀት ሲያልፍ፣ የትልቁ በሬ የሞተ ዓመት» ነው። እዚህ አገር የልደት ምዝገባ በወጉ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። አስሉት እስቲ። ያን ዓመት ተወልዶ ወዲያው የተመዘገበ ልጅ 18 የሚሞላው በ2026 ዓ.ም. ነው። እስከዛ ድረስ ገጠር ላለው አብዛኛው ልጅ ዕድሜ ማለት ራሱ የሚናገረው፣ ቤተሰብ የሚገምተው፣ የቀበሌ ሰው የሚጽፈው ነገር ነው። ለመታወቂያ አንድ ዕድሜ፣ ለፈተና ፎርም ሌላ ዕድሜ ያለው ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ሥራ ፍለጋ ሲሆን እንስቃለን። ጦርነት ሲሆን ግን ያቺ በግምት የተጻፈች ቁጥር ናት የምትወስነው። የእኛ ጎረምሳ ቢያንስ የክትባት ካርድ አለው። እህቴ እሁድ ማታ ደውላ ምን አለችኝ መሰላችሁ? ካርዱን ከሳጥን አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።

ዓለም አቀፍ ሕጉም አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ፕሮቶኮል 18 ያልሞላው በቀጥታ እንዳይዋጋ፣ በግዴታም እንዳይመለመል ይከለክላል። ኢትዮጵያም ፈርማለች። እኔ በዚህ ቁጥር አልደራደርም። እንዲያውም ለግንባር 18ም ያንሳል ባይ ነኝ። ዩክሬንን እዩ። ያን የመሰለ ጦርነት ውስጥ ሆና፣ ሰው እያለቀባት፣ የግዴታ ምልመላ ዕድሜዋ 27 ነበር። ሲብስባት እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 25 አወረደችው፣ ያም ስንት ክርክር አስነሳ። ከዛ በታች ያለው በፈቃዱ ከሆነ እንጂ አይገደድም። እና ይቻላል ማለት ነው። አገር ተጨንቃም ቢሆን ልጆቿን ለይታ ማስቀመጥ ትችላለች።

ግን ደግሞ ወዲያው ራሴን እሞግታለሁ። ዕድሜ ብቻ ከሆነ የብላቴዎቹስ? በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከክፍላቸው ተነስተው ብላቴ ማሰልጠኛ ሲገቡ አብዛኞቹ ከ18 በላይ ነበሩ። የተማሩ ናቸው፣ ጋዜጣ ያነባሉ፣ ስለ ጦርነቱ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ደርሰው ነበር? ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለማርያም አገር ጥለው ሲወጡ እዛው ካምፕ ውስጥ ናቸው። ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ኬንያ ሄዱ። ለእነሱ ያልደረሰው ዕድሜያቸው አልነበረም። ያልደረሰው… እሱን እንኳ ምን እንደምለው እንጃ። ምክንያቱ? የሚዋጉበት ነገር አብሯቸው አልነበረም። እና አንድ የ22 ዓመት ልጅ ለምን እንደሚሞት ሳያውቅ ከሄደና አንድ የ17 ዓመት ልጅ አውቃለሁ ብሎ ከሄደ፣ የትኛው ነው የደረሰው? ተመልከቱ፣ አሁን የተናገርኩትን 18 ራሴው አፈረስኩት። አይ፣ አላፈረስኩትም። 18 ይቆይ። ሕግ የሆነ ቦታ ላይ መስመር ማስመር አለበት። እኔ የምለው መስመሩን ያለፈ ሁሉ ደርሷል ብለን እጃችንን አንታጠብ ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ መኮንን፣ የቤተሰብ ወዳጅ ናቸው፣ ድሮ አንድ ነገር ነግረውኛል። ሠራዊት ወጣት የሚፈልገው ጉልበት ስላለው ብቻ አይደለም አሉኝ። የ35 ዓመት ሰው ትእዛዝ ስትሰጠው ዓይንህን ያይሃል። «ይሄ ኮረብታ ለምን?» ባይልህም ዓይኑ ይልሃል። ሚስቱ ትዝ ትለዋለች፣ የከብቶቹ ነገር ትዝ ይለዋል። የ18 ዓመቱ «ቀጥል!» ስትለው ይሮጣል። እና ሐኪሞች የሚያስብና የሚመዝነው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ አይበስልም ሲሉ፣ እኔ የምሰማው መኮንኑ ያሉትን ነው። ያለመብሰሉ ነው የሚፈለገው። ይቅርታ፣ ይህን ስል ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ።

ግን እኩል ላድርገው። ጋሼ ራሳቸው የሚያነሱት አንድ ልጅ አለ፣ ከእሳቸውም የሚያንስ። ስም አልጠራም። የቆሰለውን የሚያጥብ፣ የራሱን ውሃ ከኮዳው ለሌላው የሚያካፍል፣ ትልልቆቹ ሲያለቅሱ የሚያጽናና እሱ ነበር። አርባ ዓመት የሞላቸው አስር አለቆች ሲፈርሱ እሱ አልፈረሰም። ብስለት ምንድነው እንግዲህ? ያ ልጅ ከእኔ በላይ የበሰለ ነበር። እና መብሰሉ አዳነው? ሽሬ ላይ ቀረ፣ የካቲት 1981። ጋሼ ስለሱ ሲያወሩ አንድም ቀን «ልጅ ነበር» ብለው አያውቁም፣ «ጎበዝ ነበር» ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ ልጅ ነበር፣ ልጅ ነበር፣ ልጅ ነበር እላለሁ በሆዴ። ማን ልክ እንደሆነ አላውቅም።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ ያው በጥቅምት 2013 ተጀምሮ ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ እስኪፈረም፣ ሰፈራችን ሲሸኝ ትዝ ይለኛል። ድንኳን ተጥሎ፣ በሬ ታርዶ፣ እየተጨፈረ። ልጆቹ መሀል ላይ ናቸው፣ አንገታቸው ላይ ባንዲራ። እናቶቻቸውን ነበር የማየው። በየትኛውም ወገን ያለች እናት እንደዛው ቆማ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። እዛ ድንኳን ውስጥ «ልጅሽ ደርሷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ቢኖርስ በዛ ጭብጨባ መሀል ማን ይሰማዋል?

ስለመመለስ ደግሞ ማንም አያነሳም። ደርግ ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ነው የተበተነው። ጋሼ በሃያ ዓመታቸው ገደማ «የቀድሞ ሠራዊት» ተባሉ። ሃያ ዓመት! ዘጠነኛ ክፍል ልግባ ብለው ሲሄዱ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች «አባባ» አሏቸው። ስልጠናው ለመሄድ ነው የሚሰጠው። ለመመለስ የሚያሰለጥን ካምፕ አለ? «ዝግጁ ነህ ወይ?» ሲባል የሚጠየቀው መተኮስ መቻሉ ነው፣ ከዛ በኋላ ያለው ሠላሳ፣ አርባ ዓመት በጥያቄው ውስጥ የለም። እሁድ ጋሼ የጫማውን ጫፍ ሲጫኑ ምን እየለኩ ነበር እላለሁ። እግሩን? ራሳቸውን? ወይ ምንም አስበው አይደለም፣ እኔ ነኝ የማበዛው። እጃቸው ሲነሳ ግን አይቻለሁ፣ ወዲያው አልተነሳም።

ትናንት ጎረምሳው ደወለልኝ። ስለ ፈተናው ነበር፣ ሒሳብ ከብዶታል። ሊዘጋ ሲል፣ «እኔ ግን አልቀለድኩም» አለኝ። «12ኛ ባይመጣልኝ ምን እሠራለሁ? እነሱ ቢያንስ ይፈልጉኛል።» ይፈልጉኛል አለ። ዩኒቨርሲቲ ካልገባ፣ ሥራ ከሌለ፣ ቤት ውስጥ አፍ ከሆነ፣ የሚፈልገው ሰው ሲመጣ እሱን ይከተላል። ይህን ሲለኝ ስለ አንጎልና ስለ ሕግ ያነበብኩት ሁሉ ምን ይረባል? «ቤታችን ነው የሚፈልግህ» ልለው ነበር፣ ግን እሱ የጠየቀው ስለ ሥራ ነው፣ ስለ ፍቅር አይደለም። «ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ሒሳቡን አብረን እንየው» አልኩት። እሺ አለ።

ጋሼን ማይክ ፊት ላስቀምጣቸው አስቤ ነበር፣ ብዙዎቻችሁም ስትጠይቁኝ ከርማችኋል። ወይም ደግሞ እሳቸውንና ጎረምሳውን ብቻቸውን ትቻቸው እኔ ብወጣ ይሻላል መሰለኝ፣ ያለ ማይክ። ግን ልጁ ከሳቸው የሚሰማው ጀግንነቱን ብቻ ቢሆንስ? ያን ሳቅ እኮ ነው ይዞ የሄደው፣ መንቀጥቀጡን መስማቱንም እንጃ። ቅዳሜ እህቴ ምን እንደምትል ልያት፣ ከዛ ምናልባት… እሷም ደግሞ አሁን ስለዚህ ነገር ማውራት አትፈልግም፣ ስጀምር ወደ ጓዳ ነው የምትገባው…