ከመሰካታችሁ በፊት እዩት

የተከበራችሁ ሰልጣኞች፣ ውድ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ?

የተጠራሁት ስለ ኦፕቲካል ፋይበር፣ መልእክትን በብርሃን ስለሚያጓጉዘው የመስታወት ክር፣ ቴክኖሎጂና ስለ ኢንዱስትሪው መግቢያ እንድሰጣችሁ ነው። እሰጣለሁ። ግን ሆዴ ውስጥ የከረመ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም። ነገሩ ስለ ቆሻሻ ነው።

እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ በመስታወት ክር የተላከ ብርሃን ብዙም ሳይርቅ ይጠፋ ነበር። 20 ሜትር ያህል ተጉዞ የሚተርፈው 1 በመቶ ገደማ ነው። በ1966 ተመራማሪዎቹ ቻርለስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም ጥፋቱ የመስታወቱ አይደለም አሉ። ብርሃኑን የሚበላው መስታወቱ ውስጥ የቀረው ባዕድ ነገር ነው፤ እንደ ብረት ያለው። እሱ ከጸዳ 1 በመቶው ብርሃን 1 ኪሎ ሜትር ድረስ ይዘልቃል፣ ለስልክ መስመርም ይበቃል አሉ። በ1970 ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ መስታወት ኩባንያ ተመራማሪዎች ሮበርት ማውረር፣ ዶናልድ ኬክና ፒተር ሹልትዝ አደረጉት። ዛሬ ያው 1 በመቶ 100 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ካኦ በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ልብ በሉልኝ፤ ሙያችን የተወለደው ከጽዳት ነው።

ብርሃኑ የሚሄደው መሃል ላይ ባለው ኮር ውስጥ ነው። ዙሪያውን የከበበው ክላዲንግ ብርሃን የማጠፍ አቅሙ ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ ብርሃኑ ሊወጣ ሲል ወደ ውስጥ ይመለሳል። ለረጅም ርቀት የምንጠቀምበት የሲንግል ሞድ ፋይበር ኮር ስፋት 9 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ዓይናችሁ የማያየው ብናኝ ያንን በር ይዘጋዋል።

ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሌሊት መስመር ወደቀ ተባልን። ሄድን። ብርሃኑን የሚልከውንና የሚቀበለውን ትራንሲቨር ቀየርን፣ አልተነሳም። ሌላ ቀየርን፣ አሁንም የለም። ብልሽቱ ኬብሉ ላይ የት ጋ እንዳለ በሚፈልገው በኦቲዲአር ለካን፤ መሣሪያው ደግሞ ከጫፉ አጠገብ ያለውን በደንብ አይለይም። አለቃችን ኬብሉ ተጎድቷል ብሎ ቁፋሮ አዘዘ። ዝናብ እየወረደብን እስኪነጋ ቆፈርን። ኬብሉ ደህና ነበር። ጠዋት አንዲት ባልደረባችን ማይክሮስኮፕ ይዛ መጣች። የኬብሉን መሰኪያ ጫፍ፣ ኮኔክተሩን፣ አየችና "ና እስቲ" አለችኝ። የጣት አሻራ! ሌሊቱን አራት ጊዜ ነቅለን ሰክተነዋል። አንድም ጊዜ አላየነውም። አንዴ በማጽጃው ጠረገችው፤ መስመሩ ተነሳ። ጭቃ የለበሱት የባልደረቦቼ ፊት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልናገር። ፍጥነቱ 10 እጥፍ የሆነ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ ይገኛል። ማጽጃና ማይክሮስኮፕ ሲባል ግን በጀት የለም! ቴክኒሺያኑ በቀን በሠራው መስመር ብዛት ይለካል። ኮኔክተር ለማየት የቆመባት አንድ ደቂቃ እንደ ስንፍና ትቆጠርበታለች። መስመሩ ሲወድቅስ ማን ይጠየቃል? ያው እሱ! ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገ አለቃ የምትሆኑ እዚህ አላችሁ። ያቺን ደቂቃ ለሠራተኞቻችሁ ስጧቸው!

ስለ ኢንዱስትሪው ባጭሩ። በ1988 ቲኤቲ-8 የተባለው ኬብል አትላንቲክን ተሻገረ፤ ያንን ውቅያኖስ ያቋረጠ የመጀመሪያው የፋይበር መስመር ነው። በኋላ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ሳይቀይሩ የሚያጎለብቱ ማጉያዎች መጡ። በአንድ ክር ብዙ የብርሃን ቀለም መላክም ተቻለ። ዛሬ በአህጉራት መካከል የሚመላለሰው ዳታ አብዛኛው የሚሄደው በባሕር ወለል ኬብል እንጂ በሳተላይት አይደለም። ዝርዝሩን ከሰዓት በኋላ ታገኙታላችሁ።

ጠረጴዛችሁ ላይ አሁን ከማሸጊያ የወጡ ፓች ኮርዶች፣ መሣሪያ ከመሣሪያ የሚያገናኙ አጫጭር የፋይበር ኬብሎች፣ አሉ። መጀመሪያ ከማንኛውም መሣሪያ ጋር አለመገናኘታቸውን አረጋግጡ። ሌዘሩ አይታይም፣ ዓይን ግን ያጠፋል። ከዚያ ጫፋቸውን በማይክሮስኮፕ እዩ። አዲስ ነው ብላችሁ አትለፉት። ቆሻሻ ያገኘ እጁን ያውጣ፤ እመጣለሁ።