ሳታዩ አትፈርሙ

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ ሲስተሮችና ብራዘሮች፣ እንኳን ለዓለም ነርሶች ቀን አደረሳችሁ።

ስለ ኩላሊት ንቅለ ተከላ ተናገሪ ስባል፣ ጎንደር ላይ ለምን ትሉ ይሆናል። በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ታካሚው ግን እዚያ አይቀርም። ወደ ቤቱ፣ ወደ እኛ ይመጣል።

አንድ ወንድማችንን ላንሳ። የደንቢያ ገበሬ ነው። ኩላሊቷን የሰጠችው እህቱ ናት። ከወራት በኋላ ክሬቲኒኑ፣ የኩላሊት መድከም በደም ምርመራ የሚታይበት ልኬት፣ ጨምሮ መጣ። ቻርቱ ላይ "መድኃኒት ያቋርጣል" ተብሎ ተጽፏል። አጠገቡ ቁጭ አልኩና፣ "ወንድምዬ፣ ስንት ሰዓት ነው የምትወስደው?" አልኩት።

"በስምንት ሰዓት። ቀንም ሌሊትም" አለኝ።

ወረቀቱን አወጣ። እውነቱን ነው፣ ስምንትና ስምንት ይላል። በፈረንጅ ሰዓት! ጠዋት ሁለትና ማታ ሁለት ለማለት ነው። እሱ ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት በሞባይል ደወል እየተነሳ ሲውጥ ከርሟል። ሲያርስ የዋለ ሰው ደወሉን ሁልጊዜ ይሰማል? ባልሰማበት ሌሊት ታክሮሊመሱ፣ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳያጠቃ የሚያደርገው መድኃኒት፣ አለፈው። ታክሮሊመስ ደግሞ በየ12 ሰዓቱ ነው። ደም ውስጥ ሲያንስ ሰውነት የእህቱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ያጠቃዋል።

ከወረቀቱ ግርጌ ምን አለ? "ትምህርት ተሰጥቷል"። የነርስ ፊርማ! የየት እንደሆነ አልናገርም። ግን ሰውየውን አቋራጭ ያልነው እኛ ነን። አላቋረጠም! እኛ ነን ያላስተማርነው!

የነርሲንግ ንድፈ ሐሳብ ያፈለቀችውን ዶሮቲያ ኦረምን ሁላችንም ለፈተና ሸምድደናል። የነርስ እገዛ ሦስት ዓይነት ነው ትላለች፦ ሙሉ በሙሉ መተካት፣ በከፊል ማገዝ፣ መደገፍና ማስተማር። ከቀዶ ጥገና በወጣበት ሌሊት ሁሉንም እኛ እናደርግለታለን። ሲበረታ እናግዘዋለን። ቤቱ ሲገባ ግን የራሱ ነርስ ራሱ ነው። ስለዚህ ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚጎድለው አስቀድማችሁ እወቁ ትላለች ኦረም። "ገባህ?" ማለት ማወቅ አይደለም። እኛን ላለማስቀየም "አዎ" ይላል። ኪኒኑን ለይልኝ፣ ሰዓቱን በራስህ አፍ ንገረኝ በሉት። ይህን ሳታዩ አትፈርሙ!

ጾምም አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቷን ኪኒን ሊዘል ይችላል። ጥሬ ሥጋም አለ፤ መድኃኒቱ የሰውነትን የመከላከል አቅም ስለሚቀንስ ለኢንፌክሽን ያጋልጠዋል። በዓል ሳይደርስ ንገሩት።

ወንድማችን አሁን በሁለትና በሁለት ይወስዳል። ክሬቲኒኑም ወርዷል። ባለፈው ቀጠሮ እህቱ አብራው መጥታ ነበር።

"ሲስተር፣ ኩላሊቴ እንዴት ናት?" አለችኝ።

"ደህና ናት" አልኳት።