ባህሩ በስንት ሰዓት ይመጣል?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ድምፄ ዝግ ካለባችሁ ልጆቹ ስለተኙ ነው። ኩሽና ውስጥ ሆኜ ነው የምቀዳው፣ ፍሪጁ ሲያጉረመርም ከሰማችሁ እሱን ማጥፋት አልችልም፣ የእናቴ ሹሮ አለበት።

ባለፈው ስለ ቤት ኪራይ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር። ተውኩት። ስለ ባህር ላውራ።

እናቴ ዘንድሮ ክረምቱን እኛ ጋ ብሪስቶል ናት። የመጣችው ከኮምቦልቻ ነው። ሰባ አልፏታል፣ ግን ባህር አይታ አታውቅም ነበር። የሚገርመው አባቴ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር። ፊያት ከነተሳቢው። ከኮምቦልቻ ባቲ፣ ከባቲ ሚሌ፣ ከዚያ በዚያ ሙቀት እስከ አሰብ ወደብ ድረስ፣ ስንት ዓመት እንደተመላለሰ እሱ ራሱ አይቆጥረውም። «አንድ ቀን ይዤሽ እሄዳለሁ» ይላት ነበር። በ1998፣ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ እሱም ትንሽ ቆይቶ አረፈ። ስለዚህ ዌስተን-ሱፐር-ሜር ወደምትባል የባህር ዳርቻ ከተማ እንሂድ ስል ለኔ ተራ ሽርሽር አልነበረም። ለእሷ ግን አልነገርኳትም። እንደዚህ ዓይነት ነገር ለእናቴ መናገር አይሆንልኝም።

ከብሪስቶል በባቡር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ጠዋት ሳንድዊች ስንሠራ እናቴ ትጠይቀኛለች፣ «ማን ጋ ነው የምንሄደው?»

«ማንም ጋ።»

«ታዲያ ሄደን ምን ልናደርግ?»

«ልንቀመጥ።»

ዝም ብላ አየችኝ። ገባኝ። እኛ ቤት ጉዞ ማለት ሰው ዘንድ መሄድ ነው። ለለቅሶ፣ ለሰርግ፣ ለንግሥ፣ የታመመ ለመጠየቅ ትሄዳለህ። ስትደርስ በር የሚከፍትልህ አለ፣ ለምን ዘገያችሁ ብሎ የሚቆጣ አለ። እንግሊዞቹ ግን ብርድ ልብስ፣ ባልዲ፣ አካፋ፣ ፔርሙዝ ተሸክመው፣ ልጅ በጋሪ እየገፉ፣ ማንም ወደማይጠብቃቸው ቦታ ሄደው ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ይመለሳሉ። እኔም እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖሬ ነው የለመድኩት።

ደረስን። ነሐሴ ነው፣ አስራ ሰባት ዲግሪ፣ ንፋስ። «ይሄን ነው በጋ የሚሉት?» አለች። ነጠላዋ ላይ የኔን ጃኬት ደረበች። አሸዋው ላይ ሰዉ በንፋስ መከላከያ ሸራ ተከልሎ፣ ጃኬቱን እንደለበሰ ተደርድሯል፣ ሁሉም ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሯል። እኛም አዞርን።

ባህር የለም።

እውነቴን ነው፣ የለም። አሸዋ፣ ከአሸዋው ወዲያ ጭቃ፣ ከጭቃው ወዲያ ጭቃ። ራቅ ብሎ አንድ ቀጭን ብርማ መስመር ይታያል።

ጥፋቱ የኔ ነው። ሰዓቱን ማየት ነበረብኝ። እዚያ አካባቢ ባህሩ በቀን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል። ሌላም ቦታ እንደዛ ነው፣ የብሪስቶል ቻናል ግን ይብሳል። ወደ ሴቨርን ወንዝ እየጠበበ የሚሄድ እንደ ማንቆርቆሪያ ያለ ቅርጽ ስላለው ውሃው ሲገባ መሄጃ ያጣና ወደ ላይ ይቆለላል። ሲሞላና ሲሸሽ ያለው የከፍታ ልዩነት እስከ አስራ አራት ሜትር ይደርሳል፣ በዓለም ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ሲሸሽ ደግሞ አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል ይሸሻል። ተከትለኸው እንዳትሄድ ማስጠንቀቂያ ተተክሏል፣ ጭቃው ሰው ይውጣል።

እናቴ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ተመለከተች። «ባለቤቱ የለም ማለት ነው» አለች።

ውሻ ይዘው የሚያልፉ ሽማግሌ ጠየቅኩ። አምስት ሰዓት ተኩል አሉኝ፣ በእኛ አስራ አንድ ተኩል። ነገርኳት። «ባህር እንደ አውቶብስ በሰዓት ነው የሚመጣው?» ብላ ሳቀች፣ ባለቤቴም ሳቀች። እኔ ልስቅ አልቻልኩም። ገና ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ጠበቅን። ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል፣ ለነሱ ጭቃም አንድ ነው። ምሰሶ ላይ ወደ ባህሩ የተዘረጋው ትልቁ መዝናኛ ውስጥ ገቡ። በ1904 የተከፈተ ነው፣ በ1930ም በ2008ም ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል። እዚያ የሁለት ሳንቲም ማሽን አለ። ሳንቲም ትጥላለህ፣ ሌላውን ሳንቲም ይገፋዋል፣ ሊወድቅ ይደርስና አይወድቅም። አምስት ፓውንድ በላቸው።

ምሳ ሌላ ጣጣ። ፍልሰታ ነው፣ እናቴ በፍልሰታ ዓሣ አትነካም። ድንች ጥብሱን ትብላ ብዬ ሄድኩ። ግን አንዳንድ ቤት በከብት ሞራ ነው የሚጠብሱት፣ መጠየቅ አለብህ፣ ስትጠይቅ ደግሞ ከኋላህ ያለው ሰልፍ ያይሃል። የዘይት መሆኑን አረጋግጬ ይዤላት መጣሁ። ኮምጣጤ ያርከፈከፉበትን ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች፣ ከቦርሳዋ ሚጥሚጣ አወጣችና በተነችበት። የኔን ዓሣ አንድ ዶሮ የሚያክል የባህር ወፍ ከእጄ ላይ ነጥቆኝ ሄደ። «እሱ አይጾምም» አለች ልጄ። እኔም የእናቴን ሱፍ ፍትፍት በላሁ፣ ወድጄ አይደለም።

እናቴን የገደላት ግን አህያው ነው። አሸዋው ላይ አህዮች ተደርድረዋል፣ ስማቸው በግንባራቸው ማሰሪያ ላይ ተጽፏል፣ ልጆች ከፍለው ይጋልባሉ። ከ1886 ጀምሮ እንዲህ ነው። እኛ በዓለም ብዙ አህያ ያለን ሕዝቦች ነን፣ አህያ ላይ ለመውጣት ገንዘብ መክፈል ግን በሕልማችንም የለም። ይባስ ብዬ ብላክፑል ስለምትባል ሌላ የባህር ዳርቻ ከተማ ነገርኳት። እዚያ አህያ ዓርብ ዓርብ ዕረፍት አለው፣ የአንድ ሰዓት የምሳ ዕረፍትም በሕግ ተፈቅዶለታል። «ምሳ?» አለች። ሁለቴ አስደገመችኝ። «አባትህ እንኳ ምሳውን መሪ ይዞ ነበር የሚበላው» አለች፣ ከዚያ ዝም አለች።

ያን ጊዜ ዝምታው እንዳይከብድ ወሬ ቀየርኩ። እማዬ፣ ጃንሆይ እኮ በስደት ጊዜ እዚሁ ቅርብ ነበሩ አልኳት፣ ባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ ሃውስ በሚባል ቤት። በኋላ በ1958 ለአረጋውያን መገልገያ ይሁን ብለው ቤቱን ለከተማው ሰጡ። ከዚያ ቤት በፊት ደግሞ፣ በ1936 ነው፣ ዎርዚንግ በምትባል የባህር ዳርቻ ከተማ ሆቴል አርፈው ነበር። «በዚህ ብርድ?» አለች፣ ጃኬቴን እየሳበች። «ምን አደከማቸው።»

አስር ሰዓት ግድም እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ማዶ ማዶ ማየት ጀመርኩ። መስመሩ ወፈር አለ። ከዚያ እንዴት እንደመጣ አላውቅም፣ ቦታው ሜዳ ስለሆነ ከመጣ አይዘገይም፣ ልጆቹ የሠሩት የአሸዋ ቤት ጥግ ድረስ ደረሰና ልጄ ጮኸ፣ እናቴ ብንን አለች።

ሰማያዊ አይደለም። የሴቨርን ደለል ስላለበት ቡናማ ነው። «የክረምት ቦርከና ነው የሚመስለው» አለች፣ ቅር እንዳላላት ግን ያስታውቃል። ጫማዋን አወለቀች። እጇን ይዤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ምንም ሳትል ትንሽ ቆመች። ከዚያ ጎንበስ አለች፣ በመዳፏ ዘገነች፣ «እማዬ ቆሻሻ ነው» ሳልላት አፏ ውስጥ ከተተችው።

አባቴ ውሃው ጨው ነው ሲላት አታምነውም ነበር አሉ። ጨው ከሆነማ ለምን ገዝተን እንበላለን ትለው ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ክርክር ነው።

ተፋችው። አፏን በነጠላዋ ጠረገች።

«አልዋሸም» አለችኝ።