ከሁለት ግድግዳ ጀርባ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ ዩክሬን ነው። ስለ ጄኔራሎቹና ስለ ካርታው በየቀኑ የሚተነትን ሰው ሞልቷል፤ እሱን ለነሱ ልተወው። እኔን የሚያሳስበኝ ዛሬ ማታ የት እንተኛ እያለ የሚጨነቀው ቤተሰብ ነው። ቀኖቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ዩክሬን ውስጥ «የሁለት ግድግዳ ደንብ» የሚሉት ነገር አለ። ትንሽ ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። ሳይረን ጮኾ ወደ መጠለያ ለመውረድ ጊዜ ከሌለ፣ ከውጭው የሚለዩህ ሁለት ግድግዳዎች ያሉበት ቦታ ትገባለህ። የመጀመሪያው ግድግዳ ፍንዳታውን ይቀበላል። ሁለተኛው ስብርባሪውን ያስቀራል። መስኮት ያለበት ክፍል አይሆንም፣ የሚረግፈው መስታወት ራሱ ይገድላል። ስለዚህ የሚቀረው ኮሪደር ነው፣ ወይም መታጠቢያ ቤት። ሳሎን አለ፣ መኝታ ቤት አለ፣ ልጆቹ ግን የሚያድሩት በር ሥር፣ ጫማ የሚቀመጥበት አጠገብ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ነው።

ይህን ካወቅኩ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ስለ ጦርነት ስንሰማ የፈረሰ ቤት ነው የሚታየን። ያልፈረሰውን ቤት ግን ማን ያስበዋል? ግድግዳው ቆሟል፣ መጋረጃው ተሰቅሏል፣ ውስጡ ያለው ሰው ግን ከቤቱ የቀረው ሁለት ሜትር ኮሪደር ብቻ ነው። አራት ዓመት እንዲህ መኖር ምን ያደርጋል?

ሩሲያ ሙሉ ወረራዋን የጀመረችው ሐሙስ የካቲት 24፣ 2022 ነበር፤ በእኛ የካቲት 17፣ 2014። ንጋት 11 ሰዓት አካባቢ ኪየቭም ካርኪቭም በፍንዳታ ነቁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሲቪሉ ሕይወት ወደ ታች ወረደ ብል ማጋነን አይሆንም። ወደ ሜትሮ ጣቢያ፣ ወደ ቤዝመንት፣ ድንችና ኮምጣጣ አትክልት ወደሚቀመጥበት ጓዳ።

ስለ አንዲት መንደር ላውራችሁ። ያሂድኔ ትባላለች፣ ከቼርኒሂቭ ከተማ አጠገብ ናት። መጋቢት 2022 የሩሲያ ወታደሮች ገቡና ትምህርት ቤቱን ማዘዣ ጣቢያ አደረጉት። ነዋሪዎቹን ሰብስበው እዚያው ትምህርት ቤት ቤዝመንት ውስጥ አስገቧቸው። ከ300 በላይ ሰዎች። ወደ አንድ ወር ለሚጠጋ ጊዜ። ሕፃናትም ነበሩ፣ በዘጠናዎቹ ዕድሜ ያሉ አዛውንትም ነበሩ። መተኛ ስላልነበረ ተቀምጠው ነው ያደሩት። ሽንት ቤቱ ባልዲ ነበር። አየሩ አልበቃም። ቢያንስ 10 ሰዎች እዚያው ሞቱ፣ አብዛኞቹ አዛውንት ናቸው። በጥይት አልሞቱም። መተንፈሻ አጥተው ነው፣ መድኃኒት አጥተው ነው። አስከሬን እንኳን ቶሎ አውጥቶ መቅበር በፈቃድ ነበር።

እነዚያ ሰዎች ግድግዳው ላይ ቀን ይቆጥሩ ነበር። በእጃቸው ካሌንደር ሠሩ። በሩ አጠገብ ደግሞ የሞቱትን ስም ጻፉ። እኔ ይህን የማየው እንደ ማስረጃ ብቻ አይደለም፣ ምንም እንኳ ማስረጃም ቢሆን። የሞተው ሰው ስሙ እንዳይጠፋ የሚፈልግ ጎረቤት፣ እርሳስ ፈልጎ በጨለማ ውስጥ ጻፈው። ሐዘን ለመቀመጥ ቦታ በሌለበት ያደረጉት ለቅሶ ያ ነበር።

በደቡብ ምሥራቅ ያለችው የወደብ ከተማ ማሪዩፖል ደግሞ ሌላ ነው። የድራማ ቴአትሩን ታስታውሱት ይሆናል። መቶዎች እዚያ ተጠልለው ነበር። ከፊትና ከኋላ መሬቱ ላይ በትልቅ ነጭ ፊደል፣ በሩሲያኛ፣ «ልጆች» ብለው ጻፉ፣ ከሰማይ እንዲነበብ። መጋቢት 16፣ 2022 በቦምብ ተመታ። ስንት ሰው ሞተ? አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቢያንስ 12 አለ፣ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል ብሎ። አሶሼትድ ፕሬስ ደግሞ ወደ 600 ይጠጋል ብሎ ገመተ። ከ12 እስከ 600! ይህ ልዩነት ራሱ ያስለቅሳል። ከተማዋ በሩሲያ እጅ ስለገባች ገለልተኛ ሰው ገብቶ ሊቆጥር አልቻለም። ልጁ ወይም እናቱ እዚያ የቀረችበት ሰው እርሙን አውጥቶ እንኳን አያለቅስም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እስከ 2024 መጨረሻ ያረጋገጠው የሲቪል ሞት ከ12,000 በላይ ነው፣ ድርጅቱ ራሱም እውነተኛው ቁጥር ከዚህ እንደሚበልጥ ይናገራል። የሚበልጠው ለምን እንደሆነ ማሪዩፖል ታስረዳለች።

ወደ ካርኪቭ ልሂድ፣ እዚያ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። የዩክሬን ሁለተኛ ከተማ ናት። ከሩሲያ ድንበር 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብትርቅ ነው። ከወዲያ ማዶ የተተኮሰ ሚሳኤል ከተማዋ ለመድረስ አንድ ደቂቃ እንኳን አይፈጅበትም። አንዳንዴ መጀመሪያ ፍንዳታው፣ ከዚያ ሳይረኑ ይሰማል። እንዲህ ባለ ከተማ ልጅን ክፍል ውስጥ አስቀምጦ «ሲጮህ ትወርዳላችሁ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ መስከረም 2023 ሜትሮ ጣቢያዎች ውስጥ ክፍሎች ተሠሩ። ግድግዳ ተከለለ፣ ጥቁር ሰሌዳ ገባ፣ አየር ማስገቢያ ተገጠመ፣ ትምህርት ተጀመረ። በ2024 ደግሞ ከመነሻው ከመሬት በታች እንዲሆን ታስቦ የተገነባ ትምህርት ቤት ተከፈተ።

እስቲ አንድ ልጅ አስቡ። በ2020 አንደኛ ክፍል ገባ። ኮሮና ነበር፣ በስልክና በኮምፒውተር ተማረ። ኮሮናው ረገብ ሲል ጦርነቱ መጣ። እንደገና ስክሪን። ከጓደኛው ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጦ መማር የጀመረው ከመሬት በታች ነው። እነዚያን ክፍሎች የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ስመለከት ደማቅ ቀለም ነው የማየው፣ ልጆቹም ይስቃሉ። መምህራኑ ያንን ለማድረግ የከፈሉትን ድካም አከብራለሁ፣ ከልቤ። ግን ደግሞ እናደዳለሁ። መስኮት የሌለው ክፍል ለአንድ ልጅ ትልቅ ዕድል የሆነበት ሁኔታ ውስጥ ማን አስገባው?

አሁን ደግሞ መውረድ የማይችሉት አሉ። ስለነሱ ብዙ አይወራም። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማን አስቡ። ጉልበታቸው ታሟል። ጥቅምት 10፣ 2022 ሩሲያ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችንና ማከፋፈያዎችን በሰፊው መምታት ጀመረች። መብራት በፈረቃ ሆነ። መብራት ሲሄድ ሊፍቱ ይቆማል፣ ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ይቆማል፣ ማሞቂያው ይቀዘቅዛል። ሳይረኑ ግን አይቆምም። እማማ 9 ፎቅ ወርደው እንደገና 9 ፎቅ ሊወጡ? ብዙ አዛውንት መውረዱን ትተውታል። ልጆቻቸው ስደት ናቸው። ወንዶቹ ደግሞ ከጦርነቱ መጀመሪያ አንስቶ ከ18 እስከ 60 ዓመት ያሉት፣ ከነሐሴ 2025 ወዲህ ደግሞ ከ23 እስከ 60 ያሉት፣ ከአገር እንዳይወጡ ስለተከለከሉ ግማሹ ቤተሰብ ፖላንድ ወይ ጀርመን፣ ግማሹ ግንባር ነው። እማማን የሚያያቸው ጎረቤት ነው፣ እሱም ካለ።

በዚያ የብርድና የበረዶ ወቅት የኪየቭ ሰዎች ያደረጉት አንድ ነገር ልቤን ነክቶታል። መብራት ድንገት ሄዶ ሊፍት ውስጥ ለሚቀር ሰው ብለው ካርቶን አስቀመጡ። ውሃ፣ ብስኩት፣ የእጅ ባትሪ፣ የልብ መድኃኒት፣ አንዳንዱ ጋ ትንሽ ወንበር። ማንም አላዘዛቸውም። መንግሥትም በበኩሉ «የአይበገሬነት ነጥቦች» የሚላቸውን ከፈተ፤ ድንኳን ውስጥ ሙቀት አለ፣ ሻይ አለ፣ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል። እኔ ግን የሊፍቱ ካርቶን ይበልጥብኛል። የማያውቁትን ሰው ጭንቅ አስቀድሞ አስቦ ብስኩት ማስቀመጥ ትልቅ ነገር ነው።

አንዳንዶቻችሁ «የኛው ሐዘን መች አለቀና የዩክሬኑን ታወሪያለሽ?» ትሉኝ ይሆናል። ይገባኛል። በ2022 በሰሜኑ ጦርነት የኛም ሰው እየሞተ፣ እየተፈናቀለ የዓለም ካሜራ ሁሉ ወደ ኪየቭ መዞሩ አሞናል፣ እኔንም አሞኛል። ያ ቅሬታ ትክክል ነው። ግን የካሜራው ጥፋት የያሂድኔዋ አያት ጥፋት አይደለም። እንዲያውም ቤዝመንት ውስጥ ቀን የቆጠረችውን ሴት ከኛ በላይ ማን ይረዳታል? ደግሞ ስንዴውም አገናኝቶናል። ነሐሴ 2022 «ብሬቭ ኮማንደር» የምትባል መርከብ 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ ጭና ጅቡቲ ደረሰች፣ ለኢትዮጵያ ተረጂዎች። በዚያ ጊዜ ደግሞ የዩክሬን ገበሬ ፈንጂ የተቀበረበት መሬት ላይ ትራክተር እየነዳ ነበር።

የመጨረሻው ኬርሶን ነው፣ ሩሲያ ይዛት የነበረች የደቡብ ዩክሬን ከተማ። ኅዳር 2022 የዩክሬን ጦር ሲገባ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ተቃቅፎ አለቀሰ። ደስታው ግን አልቆየም። የሩሲያ ጦር ከወንዙ ማዶ፣ ከድኒፕሮ ባሻገር ነው ያለው። በመጀመሪያ መድፍ ነበር። ከ2024 ወዲህ ትንንሽ ድሮኖች በዙ። ድሮኑን የሚያበረው ሰው በካሜራ ያያል። ዳቦ ይዛ የምትሄደውን ሴት ያያታል፣ አውቶቡሱን ያየዋል፣ አምቡላንሱን ያየዋል። እያየ ይመታል። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪ ኮሚሽን ግንቦት 2025 ይህ በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ነው ብሏል። ከተማዋ አሁን መንገዶቿ ላይ የዓሣ ማጥመጃ የመሰለ መረብ ትዘረጋለች፣ ድሮኑ እንዲጠላለፍበት። ሰው ደመና ያለበትን ቀን መርጦ ገበያ ይወጣል። ፀሐይ የወጣበት ቀን ያስፈራል፣ ድሮኑ አጥርቶ ያያልና። እዚያ ደግሞ ሁለት ግድግዳም አይበቃም፤ ድሮን በመስኮት ይገባል።

ለዛሬ እዚህ ላይ ላቁም። ወደ ሩሲያ ስለተወሰዱት የዩክሬን ልጆች ያልተናገርኩት አውቄ ነው። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት መጋቢት 2023 በፑቲን ላይ የእስር ማዘዣ ያወጣው በዚሁ ጉዳይ ነው፣ ራሱን የቻለ ክፍል ያስፈልገዋል። በሚቀጥለው እሱን ይዤ እመጣለሁ። ዘመድ ወይም ጓደኛ ዩክሬን የነበራችሁ፣ በተለይ እዚያ ስትማሩ ጦርነቱ የደረሰባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ፈቃዳችሁ ከሆነ አነበዋለሁ። ቸር ሰንብቱ።