ጥጃ የሚያህል ቡችላ፦ ግዙፍ ዝርያ ውሻን በወሎ ማሳደግ

(ምስል፦ ደሴ፣ ማለዳ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ እየተገፈፈ ነው። በአንድ ግቢ በር ላይ መዳፉ የሰው ጡጫ የሚያህል ቡችላ ቆሟል።)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ይህ ቡችላ ገና አራት ወሩ ነው። በበሩ የሚያልፍ ሁሉ ቆም ይልና «ማሻ አላህ፣ ይህ እኮ ጥጃ ነው!» ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው ምክርም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሥጋ አብሉት፣ ወተት አጠጡት፣ ገና ያድጋል።» ምክሩ የሚመጣው ከፍቅር ነው። እኛ ዘንድ በቤት ያለን ሁሉ ሳያጠግቡ ማሳደር ነውር ነውና።

የመጀመሪያ ቡችላዬን ያሳደግሁት በዚሁ ምክር ነበር። በአምስት ወሩ የፊት እግሮቹ መጉበጥ ጀመሩ። እስኪሞት ድረስ እያነከሰ ኖረ። ይህን ቪዲዮ የሠራሁት ለእርሱ ስል ነው።

(ምስል፦ የቡችላ እግር አጥንት ሥዕል፤ ጫፎቹ በሌላ ቀለም ተለይተዋል።)

ግሬት ዴን፣ ሴንት በርናርድ፣ ማስቲፍ፣ ካንጋል፤ ግዙፍ የምንላቸው ዝርያዎች እነዚህንና መሰሎቻቸውን ነው። ወንድ ግሬት ዴን ሲወለድ አንድ ኪሎ አይሞላም። ዓመት ሲሆነው ግን 50 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ሦስት ኪሎ ሆኖ የተወለደ ልጅ 60 ኪሎ እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት አስቡና አነጻጽሩት።

አጥንቱ የሚረዝመው በሁለቱ ጫፎቹ አጠገብ ባለ ለስላሳ ልም አጥንት በኩል ነው። ይህ ክፍል በትናንሽ ዝርያዎች በዓመት ውስጥ ይጠነክራል። በግዙፎቹ ግን 18 ወር፣ አንዳንዴም 24 ወር ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ ያ ሁሉ ክብደት ያረፈው ገና ባልጠነከረ ነገር ላይ ነው። ስለዚህ ቡችላው ቶሎ እንዲያድግ መጣደፍ የለብንም። የመጨረሻ ቁመቱን የሚወስነው ዘሩ ነው፤ ቀስ ብሎ ቢያድግም እዚያው ይደርሳል።

(ምስል፦ የወተት ብርጭቆ፣ የሥጋ ሳህን፣ የካልሲየም ሽሮፕ ጠርሙስ።)

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያደገ ውሻ ካልሲየም ሲበዛበት አንጀቱ የሚበቃውን ወስዶ ሌላውን ያስወጣል። ከስድስት ወር በታች ያለ ቡችላ ግን ይህን በሚገባ ማድረግ አይችልም። የበዛው ካልሲየም ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ ልም አጥንቱም በወጉ ወደ አጥንት መለወጡ ይታወካል። መገጣጠሚያ ይታመማል፣ እግር ይጣመማል። እኔ «አጥንቱን ያጠነክርለታል» ብዬ በየማታው የሕፃናት ካልሲየም ሽሮፕ አጠጣው ነበር። ጉዳቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሥጋ ብቻ መመገብ ደግሞ በተቃራኒው ይጎዳል። ሥጋ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ እጅግ ጥቂት ነው። የጎደለውን ለመሙላት ሰውነቱ ከራሱ አጥንት ይወስዳል፤ አጥንቱም ሳስቶ በትንሽ ዝላይ ይሰበራል። ሁለቱን ማዕድናት በማድቤት በግምት ማመጣጠን አይቻልም። አቅም ካላችሁ ለትልልቅ ዝርያ ቡችሎች የተዘጋጀ መሆኑ ከረጢቱ ላይ የተጻፈበትን ደረቅ ምግብ ግዙ፤ በላዩ ላይ ካልሲየም አትጨምሩ። ቤት የምታበስሉ ከሆነ ድብልቁን የእንስሳት ሐኪም በሚዛን ይወስንላችሁ። ደሴ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ ባለሙያ መጠየቅ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

የወጥ ትርፍ አትስጡት። ቀይም ነጭም ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

መጠኑን የምትለዩት በእጃችሁ ነው። ጎድኑን ዳብሱት። ሳትጫኑ የሚዳሰስ ከሆነ ደህና ነው። ጎድኑን ፍለጋ መጫን ካስፈለጋችሁ ወፍሯል። ጎረቤት «ከሳባችሁ እኮ!» ቢላችሁ አትደንግጡ።

(ምስል፦ ዳገታማ መንገድ፤ ቡችላው ከሰው ጎን በዝግታ ይሄዳል።)

ደሴ የዳገት ከተማ ናት። ለእኛ እግር የለመደው ዳገት ለቡችላ መገጣጠሚያ ፈተና ነው። ደረጃ ማመላለስ፣ ከመኪና ላይ ማዝለል፣ ከብስክሌት ኋላ ማስሮጥ፣ በክረምት በሚያንሸራትት ሲሚንቶ ላይ ማጫወት ይቅር። በሣር ላይ እንደ ልቡ ይጫወት፤ ሲደክመው ራሱ ይተኛል። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ የምትኖሩ ደግሞ ጧትና ማታ ብቻ አውጡት፤ ግዙፍ ውሻ ሙቀት አይችልም።

እስከ አራት ወር በቀን አራት ጊዜ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ መግቡት። ሲያድግም ከሁለት ጊዜ አታሳንሱ። ደረታቸው ጥልቅ የሆኑ ውሾች በአንድ ጊዜ ብዙ ሲበሉ ጨጓራቸው በአየር ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል። ሆዱ ከተወጠረ፣ ሊያስመልስ እየታገለ ምንም ካልወጣው፣ መቀመጥም መተኛትም ከተሳነው ጧት እስኪሆን አትጠብቁ። ያለ ቀዶ ሕክምና በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። የሐኪሙን ስልክ ዛሬውኑ መዝግቡ።

(ምስል፦ ሐኪም ቡችላውን ሲከትብ።)

ክትባቱ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመርና 16 ሳምንት እስኪሞላው በየጥቂት ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ ይሰጠዋል። ይህ የእናንተ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአቡነ ዮሴፍ ተራራና በቦረና ሳይንት ከፍታዎች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ካልተከተቡ ውሾች የሚጋባበት ይኸው በሽታ ከዋና ጨራሾቹ አንዱ ነው። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

በአረፋና በፋሲካ በግ ስናርድ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መወርወር ልማዳችን ነው። እባካችሁ ተዉት። በዚያ ውሃ በቋጠረው ከረጢት ውስጥ ያለው ተህዋስ በውሻው አንጀት ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆቻችን አፍ ገብቶ በጉበታቸው ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ቅበሩት፣ በጥልቀት።

(ምስል፦ ቡችላው በገመድ ታስሮ፤ ከአጥር ባሻገር ጎረቤት ቡና ታፈላለች።)

ቡችላ እስከ 14ኛው ሳምንት ያየውንና የሰማውን ሲያድግ እምብዛም አይፈራም። ባጃጅ፣ ዝናብ፣ የትምህርት ቤት ልጆች፣ የአዛንና የቅዳሴ ድምፅ ያለማምዱት። በሰው ላይ መዝለልን ግን አሁኑኑ ያስተዉት፤ 60 ኪሎ ሲሆን አሮጊት ይጥላል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ከነካው ከሶላት በፊት ልብሱን ማጠብ አለባቸው። በገመድ ይዞ ማሳለፍ የጉርብትና ወግ ነው። የእኔዋ ጎረቤት ኢሞሃጅ መጀመሪያ በሩቁ ነበር የሚያልፉት። አሁን በሩ ጋ ሲደርሱ «አብሽር አንተ!» ይሉታል፤ እርሱም ተቀምጦ ጭራውን ይወዘውዛል።