ከማሰሮዋ ሥር ያለው ስም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና አንዲት ማሰሮ ብቻ ነን። ይኸው እጄ ላይ ናት። መዳፌን እንኳ አትሞላም። ጥቁር ናት፣ ፊቷ እንደ መስታወት ያበራል፤ ዙሪያዋን አቫንዩ የሚሉት ቀንዳም የውሃ እባብ ተጠምጥሞባታል። ቀለም እንዳይመስላችሁ፣ ተጭሮ የወጣ ነው።

ከዴንቨር ስድስት ሰዓት ያህል ነድቼ ኒው ሜክሲኮ፣ ሳንታ ፌ ሄጄ ነው የገዛኋት። ከተማው መሀል የገዢዎች ቤተ መንግሥት የሚባል ጥንታዊ የጭቃ ሕንፃ አለ። በረንዳው ሥር የአገሩ ነባር ሕዝቦች ጨርቅ ዘርግተው የእጃቸውን ሥራ ይሸጣሉ። የእኔዋ ሻጭ ሳንታ ክላራ ፑዌብሎ ከሚባል የነባር ሕዝቦች መንደር ናቸው፤ እናቴን በዕድሜ ያክላሉ። ዋጋውን ሲነግሩኝ የመርካቶ አመሌ ተነሳብኝና «ትንሽ ይቀንሱልኝ» አልኩ።

አልተቆጡም። አሠራሩን ይነግሩኝ ጀመር። ጭቃውን ራሳቸው ቆፍረው ያመጡታል፤ እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ የእሳተ ገሞራ አመድ ይቀላቅሉበታል። የሚሽከረከር ነገር የለም፤ ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለቦሉ አንዱን ባንዱ ላይ መደረብ ነው። ሲደርቅ ይፋቃል፤ ቀጭን የጭቃ ቅብ ይቀባል፤ ከዚያ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፣ ይታሻል... ድንጋዩ ከእናት ለልጅ የሚወረስ ነው። ስለታም ጫፍ ያ የሚያበራውን ፊት ሲጭረው ከሥሩ ደብዛዛው ጭቃ ይወጣል። እጅ ከሳተ ማጥፊያ የለም።

ደግሞ የሚተኮሰው ሜዳ ላይ፣ በእንጨትና በኩበት ነው። ኩበት ሲሉኝ ሳቄ መጣ፤ ስንት አገር አቋርጬ ኩበት! እሳቱ ሲግል በደቀቀ ፋንድያ ያፍኑታል፣ ጢሱም ጭቃው ውስጥ ይገባል። ባይታፈን ኖሮ ማሰሮዋ ቀይ ሆና ነበር የምትወጣው።

ይህን ሁሉ ነግረውኝ ማሰሮዋን ገለበጧት። ከሥሯ ስማቸው ተጽፏል። እዚያ በረንዳ ላይ የሠሪው ምልክት የሌለበት ዕቃ አይሸጥም። አፌን ያዝኩ፣ የተባልኩትን ከፈልኩ።

በጎረቤቱ መንደር በሳን ኢልዴፎንሶ ማሪያ ማርቲኔዝ የምትባል ሠሪ ነበረች። ባሏ ጁሊያን ይስላል፣ እሷ ትሠራለች፤ እ.ኤ.አ. በ1919 ገደማ በጥቁር ላይ ጥቁር የሚታይበትን ሥራ አመጡ። ስሟ ዋጋ ማውጣቱን ስታይ የጎረቤቶቿም ሸክላ እንዲሸጥላቸው በእነሱ ሥራ ላይ ትፈርም ነበር አሉ። ይቺን ነገር እወዳታለሁ።

እኛ ዘንድ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ ናት» ተብላ ትፈራለች፤ ዕቃዋ ግን ከማጀታችን አይጠፋም። ቤቴ እንደገባሁ እናቴ ከጎንደር የላከችልኝን ጀበና ገልብጬ አየሁት፤ ጥላሸት ብቻ ነው። ደወልኩላት። «እማዬ፣ ይሄን ጀበና ማን ነው የሠራው?»

«ከቅዳሜ ገበያ ነው የገዛሁት፣ ምን ሆነ? ያፈሳል እንዴ?»